«እንግዳ መራጭ» ማለት ማን ነው? የሐረሪ 14 ወንበርና ከክልሉ ውጭ የሚሰጠው ድምፅ

የቀፊራ ልጅ፦ ቅዳሜ ሰርግ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አንድ ሰው፣ ያውም የተማረ ሰው፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ሆነን ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ፣ ሐረሪው ብቻ ለሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ክፍል፣ የምንመርጠውን «እንግዳ መራጭ» ብሎ ጠራን። አያቴ የተቀበረችው ሐረር ነው። የእናቴ ቤት ጀጎል ውስጥ ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ድሬ ላይ ተሰልፌ ስመርጥ የማንንም ድምፅ አልሰረቅኩም። ይህን ቃል የሚደግፍ ካለ እዚሁ ይንገረኝ።

ሶፊ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አልደብቅም። አንቺን ለመስደብ ግን አይደለም። ቁጥሩን እዪው። በ1999ኙ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር። ኦሮሞው ከመቶ 56.4፣ ሐረሪው ከመቶ 8.65። ምክር ቤቱ 36 ወንበር አለው። 14ቱ ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፤ የቀረውን 22 ነው ሁላችንም የምንሻማው። ርዕሰ መስተዳድሩን በዕጩነት የሚያቀርበውም ያው 14ቱ ያሉበት ጉባኤ ነው። አባቴ የክልሉ ገጠር ወረዳ ሶፊ ላይ ያርሳል። ውሃ ሲጠፋ የሚጠማው እሱ ነው። መንገዱ ሲበላሽ ጫቱ ገበያ ሳይደርስ የሚጠወልግበት እሱ ነው። መርካቶ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር ሰው ስለ ሶፊ መንገድ የሚወስነውን ምክር ቤት ሲመርጥ ምን ብዬ ልጥራው?

ፈረስ መጋላ፦ ወንድሜ፣ «እንግዳ» ከማለትህ በፊት ከአገሩ ማን እንዳስወጣው ጠይቅ። በ1940 ኩሉብ በተባለው የፖለቲካ ንቅናቄ ጊዜ ሐረሪው በጅምላ ታሰረ፣ ንብረቱ ተወረሰ፣ ብዙው ወደ አዲስ አበባ ተሰደደ። በደርግ ጊዜ ደግሞ መሬቱን አጥቶ የቀረው ወጣ። መርካቶ የገባው ሽርሽር ሄዶ አይደለም። በዚያው በ1999 ቆጠራ በመላው አገሪቱ የተቆጠረው ሐረሪ 31 ሺህ ከምናምን ነው። ክልሉ ውስጥ የተገኘው ከዚያ ግማሹ ነው። ግማሹን ሕዝብ ከምርጫ አስወጥተህ «የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ» የምትለው የማን ጉባኤ ነው?

ሶፊ፦ ኩሉብን አከብራለሁ። በደል ነው፣ አልክድም። የደርጉን ግን እንዲህ በአንድ ጎን አትንገረን። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አያቴ ገባር ነበር። ያረሰውን ለባለመሬት ይሰፍር ነበር። አንተ «መሬት አጣን» የምትለው ቀን ለአያቴ መሬት ያገኘበት ቀን ነው። ያንን ቀን እንደ ሐዘን ቀን ስትነግረኝ ልቤ ይደማል።

ፈረስ መጋላ፦ አያትህ መሬት ማግኘቱ ደስ ይለኛል፣ ወላሂ። እኔ የምለው የወጣው ሰው ሐረሪነቱን ጥሎ አልወጣም ነው።

የሸዋ በር ሰው፦ እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አባቴም እዚሁ ነው የተወለደው። እንግዳ የሚለው ቃል እናንተን ካንገበገባችሁ እኔን በየምርጫው ያንገበግበኛል። በዚያው ቆጠራ አማራው ከመቶ 22.8 ነው። ጉራጌው ከመቶ 4 በላይ። ለእኛ የተቀመጠ አንድ ወንበር አለ? የለም። አንዱ ስለ 14፣ ሌላው ስለ 22 ሲከራከር እኛ ከየትኛው ቁጥር ውስጥ እንደሆንን የሚነግረን ሰው የለም። ይህንን መልሱልኝ።

የቀፊራ ልጅ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ጥያቄ አልንቅም። ግን መልሱ የእኔን ድምፅ መቀማት ነው? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ልዩ ውክልና ይሰጣል። ቁጥራችን ትንሽ መሆኑ ነው ዋስትናው ያስፈለገን።

የሸዋ በር ሰው፦ ልጄ፣ 54 ስለ ፌዴራሉ ፓርላማ ነው። እኔ የማወራው ስለ ክልሉ ምክር ቤት ነው።

ፈረስ መጋላ፦ ፓርላማውን ካነሱት እንየው። ሐረሪ ክልል እዚያ ያለው 2 ወንበር ብቻ ነው። በ1997 ቅንጅት አዲስ አበባን ጠራርጎ ሲወስድ የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ፣ ሐብሊ፣ የሐረርን አንድ ወንበር ይዞ ቀረ። በ2002ም አንድ። በ2007ም አንድ። ከ547 አንድ። ሌላውን የያዘው ኢሕአዴግ ነበር። አንድ ወንበር ያለው ሕዝብ ማንን ይጫናል?

ሶፊ፦ ሦስት ምርጫ ሙሉ ያው አንድ፣ ያው አንድ። ታዲያ ምርጫ ነበር? ሐብሊና የኦሮሞው ድርጅት ኦህዴድ ቀድመው ተከፋፍለውት ነው የገቡት። ሕዝቡ ካርድ ጨመረ እንጂ አልመረጠም። የኔም ወገን እዚህ ላይ ነፃ አይደለም። ኦህዴድ አባቴን ጠይቆት አያውቅም።

ከዚራ፦ አቦ፣ እናንተ ቢያንስ በሕግ ተጽፎላችኋል። እኛ ድሬ ላይ ሥልጣንና ሥራ ሲከፋፈል 40-40-20 ስንባል ኖረናል። 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። የድሬዳዋን ቻርተር፣ አዋጅ 416/1996ን፣ ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የለም። ፓርቲዎች ተስማምተው ያመጡት ነገር ነው። በቆጠራው ኦሮሞው ከመቶ 45.9፣ ሶማሌው 24.3፣ አማራው ብቻውን 20.2 ነው። ጉራጌውም፣ ሐረሪውም፣ የተቀላቀለውም በዚያች 20 ውስጥ ተጨናንቆ ኖረ። ስንት የድሬ ልጅ ሥራ ሲፈልግ «ከየትኛው ነህ» ተብሎ ተመለሰ።

ሶፊ፦ ድሬን እዚህ አታምጣብን። የድሬ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው።

ከዚራ፦ ለምን አላመጣም? የቀፊራ ልጅ እኮ ድሬ ነው የምትኖረው። ለሐረር ትመርጣለች፣ ለድሬም ነዋሪ ነች። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ቆሻሻ ሲከማች፣ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ የሚጎዳት እዚህ ነው። ልቧ ግን እዚያ ነው። ሁለት ቦታ ድምፅ መስጠት ተገቢ ነው?

የቀፊራ ልጅ፦ በ1998 ደቻቱ ሲሞላ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ሬሳ ሲወጣ አይቻለሁ። ልቧ እዚያ ነው አትበለኝ። ሰው ሁለት ከተማ መውደድ ይችላል። የጉባኤው ድምፅ ደግሞ የከተማ ድምፅ አይደለም። ቋንቋችን፣ ባህላችን፣ ጀጎል እንዴት ይጠበቅ የሚለውን የሚይዝ ነው። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ድሬ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም ሐረሪ አልቅሷል።

ሶፊ፦ እሱ ላይ አልቃወምሽም። ስለ ቋንቋና ቅርስ ከሆነ ከቶሮንቶም ምረጡ። ርዕሰ መስተዳድር ማቅረብ ግን ቅርስ አይደለም። በጀት ነው። ውሃ ነው።

ፈረስ መጋላ፦ ነገሩ እኮ ተፈርዶበታል። በ2013 ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ወሰን ውጭ ለጉባኤው ምርጫ አላካሂድም አለ። የክልሉ ምክር ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ለምክር ቤቱ ፈረደ። ሰኔ 14 ቀን አብዛኛው አገር ሲመርጥ እኛና ሶማሌ ክልል ቀረን፣ በመስከረም መረጥን። አሁን ሰባተኛው ምርጫ ሲነሳ እንደገና ከዜሮ መጀመር የለብንም።

ሶፊ፦ ፍርድ ቤት ሕጉን ተረጎመ። ሕጉ ፍትሐዊ ነው አላለም። በዚያ በመስከረሙ ምርጫ ላይ ደግሞ የኦሮሞ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮም ኦነግም አልነበሩም። ሐብሊ ራሱ በ2012 ብልፅግና ውስጥ ገብቷል። 14ቱም 22ቱም ከአንድ ፓርቲ ቤት ከሆኑ እኔና አንቺ በምን እንጣላለን?

የቀፊራ ልጅ፦ በአንድ ቃል ነው የምንጣላው። «እንግዳ»። አሁንም አላነሳኸውም።

ሶፊ፦ እሺ፣ «የሩቅ መራጭ» ልበል።

የቀፊራ ልጅ፦ ሩቅ? ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ደንገጎን ወጥቼ፣ ሐረማያን አልፌ፣ ቁርስ ሳይነሳ እናቴ ቤት እደርሳለሁ። 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው። ከኤረር ወረዳ ጫፍ በእግሩ የሚመጣ ገበሬ ከእኔ ዘግይቶ ነው ሸዋ በር የሚደርሰው።

ሶፊ፦ እሱ እኮ ነው የኔም ቁጭት! ያ ገበሬ ለምን በእግሩ ይመጣል? ክልሉ ይህችን ታክላለች፣ መዳፍ ታክላለች፣ ግን እስካሁን መኪና የማይገባበት ቀበሌ አለ።

የሸዋ በር ሰው፦ እኔ የጠየቅሁትን ማንም አልመለሰም። ከየትኛው ቁጥር ውስጥ ነኝ?

ከዚራ፦ ጋሼ፣ ድሬ ይምጡ፤ 20 ውስጥ እንጠጋጋለን። ከልቤ ነው የምልዎት፤ መልስ ስለሌለኝ ነው።

ሶፊ፦ የቀፊራ ልጅ፣ «እንግዳ» ያልኩትን አንስቻለሁ። ያልኩት ተናድጄ ነው። ስለ 14ቱ ያልኩት ግን እንዳለ ነው።

የቀፊራ ልጅ፦ ቃሉን የተናገርከው እናቴ ጎን ተቀምጠህ ነው። ያነሳኸው እዚህ ነው። እናቴ ስልክ አትከፍትም። ቤቷን ታውቀዋለህ፣ ፈላና በር አጠገብ ነው።