የተረፈ የእርዳታ ልብስ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጎ ፈቃደኞች ሆነን ለተቸገሩ ሰዎች ልብስ እንሰበስባለን። ለሚያስፈልጋቸው ሰጥተን ስንጨርስ ብዙ ተረፈን፤ ክፍሉ እስከ ጣሪያው ጆንያ ብቻ ነው። ከፊሉ ይለበሳል። የቀረው የተቀደደና የነተበ ነው። ልጥለው አንጀቴ አልቻለም። ለአካባቢው ሰው በሚጠቅም መንገድ ምን እናድርገው? ያለን አንድ የስፌት መኪና ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦
እህቴ፣ መቀሱን አስቀምጪና መጀመሪያ ለዪ። እንዳለ የሚለበሰው ለብቻ፣ ጥገና የሚፈልገው ለብቻ፣ ለጨርቅነት ብቻ የሚሆነው ለብቻ። ቁልፍ የወለቀበት ሸሚዝ ቶሎ ያልቃል፣ ከእሱ ጀምሪ። ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ግን ቀን ይበላል፤ ልኩ የሆነ ዚፕ ካላገኘሽ እለፊው። ከማይለበሰው ላይ ደህና ቁልፍና ዚፕ ሁሉ ንቀይ፣ ለጥገናው ይሆንሻል። ጂንስ ካለሽ እግሩን ወደ ቦርሳና ሽርጥ ቀይሪው። ስትሰፊው 16 ቁጥር መርፌ ተጠቀሚ፤ በቀጭኑ ከሞከርሽ መርፌ ስትሰብሪ መዋልሽ ነው። ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ካሉ አጠገብሽ አስቀምጪያቸው። ቢያበላሹም የሚጣል ጨርቅ ነው፣ እንደዚህ ያለ መለማመጃ አይገኝም።

ጋራዥ የምሠራው፦
ለእኛ መወልወያ ጨርቅ ሁሌም ያስፈልገናል፤ ማተሚያ ቤትና እንጨት ሥራ ቤትም እንዲሁ። ግን ጥጥ ይሁን። አሮጌ ቲሸርት፣ ፎጣ፣ አንሶላ ዘይቱን ምጥጥ ያደርገዋል። ፖሊስተር ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አይጠርገውም። ዚፕ፣ ቁልፍና ወፍራም ስፌት ካልወጣ ቀለም ይጭራል። ጥጥ መሆኑን ከተጠራጠርሽ አንድ ክር መዝዘሽ በመቆንጠጫ ይዘሽ ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።
ለሚወስዱት ሰዎች ግን ይህን ንገሪልኝ፦ የተልባ ዘይት ያለበት ቀለም ወይም ቫርኒሽ የጠረገ ጨርቅ ተጨማዶ ከተከመረ ከውስጥ እየሞቀ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ሹራቡስ? አንዳንዱ ጆንያ ደግሞ እርጥበት እርጥበት ይሸታል።

መጋዘን የሠራሁት፦
የሚሸተውን ዛሬውኑ አውጪው። ሻጋታ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ከዚያ ሽታው ለደህናውም ይተርፋል። ትኋን ከጠረጠርሽ፣ ጨርቁ ከቻለው በ60 ዲግሪ ይታጠብ።
ሹራብን በተመለከተ፣ በ1813 እንግሊዝ አገር ባትሊ በምትባል ከተማ ቤንጃሚን ሎው የተባለ ሰው የሱፍ ቡትቶ በታትኖ እንደገና ማስፈተል ጀምሮ ነበር። ሲበታተን ክሩ ስለሚያጥር ከአዲስ ሱፍ ጋር ይቀላቀላል። ያለ ማሽን ግን የሚሞከር አይደለም። እናንተ ንጹሑን ሹራብ አድቅቃችሁ ቆርጣችሁ የትራስ መሙያ አድርጉት። በትልልቁ ከተቆረጠ ይጓጉላል፣ ማንም አይተኛበትም። ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅሎ የተሠራውን እንለያየው ብላችሁ ደግሞ አትድከሙ፤ ለፋብሪካም ከባድ ነው።
ከሁሉም በፊት ግን ያለው እስኪቀል ድረስ ልብስ መቀበል አቁሙ። ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፣ ይበለው።

ልብስ ሰፊዋ፦
በማቆሙ አልስማማም። ሰው አንዴ ከመለስሽው አይመለስም። የሚፈለገውን ለይታችሁ ጠይቁ፤ የልጆች ልብስና ብርድ ልብስ ብቻ በሉ። የሰፋችሁትን የምትሸጡ ከሆነም ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ልብሱን ለሰጡት ሰዎች አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳይነገራቸው ሲሸጥ ካዩ ወሬው አይጣል ነው።

ጠያቂ፦
የእርጥቡን ጆንያ ነገር አሁኑኑ ሄጄ አያለሁ። ጋራዥ የምትሠራው ወንድሜ፣ ጨርቁን በምን ያህል መጠን ብንቆርጠው ይመቻችኋል?

ጋራዥ የምሠራው፦
የሁለት መዳፍ ስፋት ይበቃል። ነጩን ለብቻው አድርጉልን፤ ቀለሙን የሚለቅ ጨርቅ ቀለም ለሚቀቡት አይሆንም።