ኮንዶሚኒየም እየኖርን ቪትዛችንን ሸጠን ኤሌክትሪክ መኪና ብንገዛ ያዛልቀናል?

የአያቷ

ሰላም ቤተሰብ፣ ኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ሰዎች እስቲ ከልባችሁ ምከሩን። እኔና ባለቤቴ አያት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። የያዝነው ቪትዝ ነው፣ ኮድ 2፣ ሞተሩ ደህና ነው ግን ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ወር ሳይደርስ ነው የሚያንገዳግደን፣ ሰልፉ ደግሞ አለ፣ ማደያ ቆመሽ ስራ የምታረፍጅበት ቀን ቀላል አይደለም። እኔ ሜክሲኮ ነው የምሰራው፣ ልጆቹን አድርሼ ሄጄ ስመለስ በቀን 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ሌላው ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ስላለን በዓል በመጣ ቁጥር እንሄዳለን።

አሁን ደላላው ቪትዙን ጥሩ ዋጋ እናወጣለታለን እያለን ነው፣ ላዩ ላይ ትንሽ ጨምረን ቢዋይዲ ሲጋል ወይም እሱን የመሰለ ትንሽ የቻይና መኪና ለመግዛት አስበናል። ባለቤቴ በጣም ጓጉቷል። እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው፣ የት ነው ቻርጅ የምናደርገው? መኪናው ታች ግቢ ነው የሚያድረው፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ ታች ሶኬት የሚባል ነገር የለም። አንዳንድ ጎረቤቶች በመስኮት ገመድ ሲያወርዱ አያለሁ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ያ ነገር ያስፈራኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ህጉን የሚመለከት ነው። መንግስት በ2016 ጥር ላይ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ አይገባም ካለ በኋላ እኛ ያለን ምርጫ ይሄው ነው ወይ? ወይስ ቪትዙን ይዘን ብንቆይ ይሻላል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ባለ ሲጋሉ

እህቴ እኔ የምነዳው እሱኑ መኪና ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ለከተማ እንደሱ የሚመች የለም፣ ጠባብ ቦታ ይቆማል፣ ዳገት ላይ ቪትዝ የሚያቃስትበትን እሱ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው፣ ኦሊዮ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጊያ የለ። የፍሬን ሸራ ራሱ ቶሎ አያልቅም ምክንያቱም እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ (ነዳጅ ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነው) ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል።

ሂሳቡን እንስራው። በቀን 40 ካልሽ በስራ ቀን ብቻ ወር ላይ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ተጠጋሽ። ቪትዝ በአዲስ አበባ ትራፊክ ለ1000 ኪሎ ሜትር 65 ሊትር አካባቢ ይበላል፣ በ100 ብር እንኳ ብታሰቢው 6500 ብር ነው። ሲጋል ለመቶ ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ 130 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ አንዱን 10 ብር ብለሽ አክብደሽ ብታሰቢው 1300 ብር። ግን አንድ ነገር አትርሺ፣ የቤት ታሪፍ በእርከን ነው የሚሄደው፣ በተጠቀምሽ ቁጥር እርከኑ ይወጣል፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ነው ለአራት ዓመት የተወሰነው። እንደዛም ሆኖ ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም።

ደብረ ብርሃንን በተመለከተ ባትሪውን አይተሽ ግዢ። ሲጋል በሁለት ባትሪ ነው የሚመጣው፣ 30 ኪሎ ዋት ሰዓትና 38.9። ትልቁ 405 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ያ በቻይናው ሲኤልቲሲ መለኪያ ነው፣ መንገድ ላይ 300 ብለሽ ያዢው። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው ግን ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ምናምን ከፍ ይላል፣ ሰንዳፋን አልፈሽ ወደ ሸኖ ስትወጪ ፐርሰንቱ ሲወርድ ዓይንሽ እያየ ነው። በትልቁ ባትሪ ሞልተሽ ከወጣሽ ግማሽ አካባቢ ይዘሽ ትደርሻለሽ፣ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ ያንሳል፣ ትመለሻለሽ። በትንሹ ባትሪ ግን እዛ ቤተሰብ ጋ ሳትሰኪ እንዳትመለሺ። ብርዱ ላይ ማሞቂያ ከከፈትሽ ደግሞ እሱም ከባትሪው ነው የሚበላው።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር፣ ለቻይና ገበያ የተሰራ መኪና ከሆነ ስክሪኑ በቻይንኛ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ አድርገነዋል ብለው ይሰጡሻል፣ ላዩ እንግሊዝኛ ይሆንና ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በቻይንኛ ይጽፍልሻል። ካርታው የቻይና ነው፣ የስልክ አፑ አብዛኛውን ጊዜ አይሰራም። እና ከፊት ያለችውን ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ ጠብቂ፣ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው በሪሞት በር አይከፍትልሽም፣ ሰው ትልቁ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፣ የትንሿ ጉዳይ ነው። መኪናው ቆሞ የሚሰነብት ከሆነ ቼክ አስደርጊያት።

ኤሌክትሪሽያን ከሳሪስ

ስለ መስኮቱ ገመድ የጻፍሽው ነገር ትክክል ነው፣ እባካችሁ ይሄን ነገር ቀላል አታድርጉት። ስራዬ ስለሆነ ብዙ ቤት ገብቼ አያለሁ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር እንደ አይነቱ ከ8 እስከ 16 አምፒር ይስባል፣ 16 ከሆነ 3.5 ኪሎ ዋት ነው፣ ይሄን ደግሞ ለአስር አስራ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ። ምጣድም ብዙ ይስባል ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ገመዱን ጠቅልሎ ማሳደር ማለት ገመዱ እየጋለ እያለ ተኛሁ ማለት ነው፣ የቀለጠ ሶኬት እኔ ራሴ ነው የምቀይረው።

ከሁሉ የባሰው የኧርዙ ጉዳይ ነው፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ማለቴ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው እንጂ ኧርዙ የትም አልተገናኘም። ደህና ቻርጀር ይሄን ያውቃል፣ ቀይ መብራት አብርቶ አልጀምርም ይላል። ሰዎች ታዲያ ቻርጀሩ ተበላሸ ብለው ይመጡና አንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ኒውትራሉን (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ) ከኧርዙ ጋር ያገናኝላቸዋል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። አንድ ቀን ኒውትራሉ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ግን የመኪናው ቆርቆሮ ራሱ 220 ቮልት ይዞ ይቆማል፣ ዝናብ ላይ ልጅ ቢነካው ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። ይሄን የሚያደርጉ ሰዎች ቢያቆሙ ደስ ይለኛል።

ትክክለኛው አሰራር ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ማውጣት ነው፣ ለ16 አምፒር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን 7 ኪሎ ዋት ከፈለግሽ ቢያንስ 6 ካሬ፣ የራሱ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ ወዲያው ራሱ የሚያጠፋው አይነት፣ እና መሬት ውስጥ የተቀበረ እውነተኛ ኧርዝ። 7 ኪሎ ዋቱን ከማሰብሽ በፊት ግን ቆጣሪሽ መሸከሙን መብራት ኃይል ሄደሽ ጠይቂ። ለ40 ኪሎ ሜትር 16 አምፒሩ ከበቂ በላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሰክተሽ የቀኑን ትመልሺዋለሽ።

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ

እኔ ቪትዙን አትሽጪ ባይ ነኝ። ደላላው ለምን ጥሩ ዋጋ እናወጣለን እንዳለሽ ገብቶሻል? አዲስ ቤንዚን የቤት መኪና መግባት ስላቆመ ነው ያለው የተወደደው። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱን ሲቆልል አንድ ጊዜ ወጣ፣ 2016 ላይ መግባቱ ሲቆም ሁለተኛ ወጣ፣ ሐምሌ 2016 ላይ ዶላሩ ለገበያ ሲለቀቅ ሦስተኛ ወጣ። ገዝቶ ሰላሳ ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሚሸጥ ሰው ያለው እዚህ አገር ነው።

ህጉን በደፈናው አልጠላም፣ ነዳጅ በዶላር ነው የሚገባው፣ መብራት የራሳችን ነው፣ ህዳሴም አልቆ ተመርቋል፣ ነገሩ ይገባኛል። የማልስማማው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ በሩ ተዘጋ፣ ከዛ ቻርጅ ማድረጊያ ይታሰብ ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ጅምር አለ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ ላይ የከፈተው ፋስት ቻርጅ በቴሌብር እየተከፈለበት ይሰራል፣ ሌሎችም አሉ። ደሴ ሄዶ እቃ የሚያመጣ ነጋዴ ግን ምን ያድርግ? ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ምን ያድርግ? መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያለውስ? ህግ ሲወጣ ቦሌ ያለ ቪላና ግቢ ያለው ሰው ብቻ መታየት የለበትም።

ከዛ ደግሞ እቃው። የቪትዝ እቃ እኔ ጋ ብታጪ ጎረቤቴ ጋ አለ፣ ኦሪጅናሉም፣ ያገለገለውም። የእነዚህ አዳዲስ መኪኖች የፊት መብራት አንዱ ቢሰበር ከቻይና አስመጡ ነው፣ ወር ትጠብቂያለሽ። ባትሪው ከሥር ነው ያለው፣ መንገዳችንን ታውቂዋለሽ፣ የሚመታው እሱ ነው። ግለሰብ አስመጪ ያስገባው መኪና ደግሞ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ አይሰራለትም፣ ዋስትና አለው ሲሉሽ በጽሁፍ ማን እንደሚከፍል ይንገሩሽ።

ባለ ሲጋሉ

@ሶማሌ ተራ ወንድሜ ስለ እቃው እውነትህን ነው፣ በዋጋው ላይ ግን አልስማማም። ቪትዙ ዛሬ የተወደደው ሌላ ስለሌለ ነው፣ ኤሌክትሪኩ በበዛ ቁጥር ያ ዋጋ አብሮ ይቆያል ብዬ አላስብም። እኤአ በ2022 ገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ቫት፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ ሲያነሳ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩክ 15 ፐርሰንት ብቻ ሲያደርግ ነው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው አዲስ መኪና የማየት እድል ያገኘው። ከዛ በፊት እኮ እንደኔ አይነት ደሞዝተኛ ዜሮ ዜሮ መኪና የሚባለውን በሱቅ መስታወት ነበር የሚያየው። የጎደለው ቻርጅ ማድረጊያው ነው፣ እሱ ላይ እንጩህ።

@የአያቷ የታክሱ ነገር በየጊዜው ስለሚቀያየር ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት የወቅቱን ተመን ከጉምሩክ አጣሪ፣ ሊብሬው ላይ የሻሲ ቁጥሩንም ራስሽ አመሳክሪ።

ከቨርጂኒያ

ከውጭ ስለሆንኩ ስለ ኮንዶሚኒየሙ ብዙ አልናገርም ግን እዚህ ያለን ሰዎች ለቤተሰብ መኪና ልንልክ ስናስብ አንድ ነገር እንዲታወቅ ብዬ ነው። አሜሪካ ያለው መኪና የቻርጅ አፉ ሌላ ነው፣ አገር ቤት ያለው ፋስት ቻርጀር አብዛኛው ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ነው፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2ም አለ። አይገጥምም፣ አዳፕተር ፍለጋ ነው። እና ረከሰ ብላችሁ አሮጌ ኒሳን ሊፍ አትግዙ፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝለት ሲስተም የለውም፣ ሙቀት አገር የነዳው ከሆነ ባትሪው ደክሞ ነው የምታገኙት። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዙ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን የባትሪውን ጤንነት በኮምፒውተር አስለኩ፣ የትኛውም አገር ይሁን። እኔ እዚህ ራይድ ነው የምሰራው፣ ቤቴ ስለምሰካ ነው የሚያዋጣኝ፣ አፓርትመንት እየኖሩ በየቀኑ ፋስት ቻርጅ የሚከፍሉ ጓደኞቼ ጋ ግን ትርፉ ብዙም አይታይም።

የአያቷ

በጣም ነው የማመሰግነው ሁላችሁንም፣ በተለይ የኧርዙ ነገር፣ ለጎረቤቶቼ በሙሉ ነው ያነበብኩላቸው። አንዱ ጎረቤታችን ቻርጀሩ ቀይ እያበራ እምቢ ብሎት በኋላ «ተስተካከለ» ብሎን ነበር፣ ነገ ባለሙያ አምጥቶ ሊያስፈትሽ ነው። @ኤሌክትሪሽያን ከሳሪስ፣ ከኛ ቆጣሪ ታች ድረስ መስመር ብናወርድ ኮሚቴው ይፈቅዳል ወይ? የመኪና ማቆሚያው የጋራ ነው፣ ቦታ የተከፋፈለ አይደለም፣ ዛሬ ሶኬት የተከልኩበት ቦታ ነገ ሌላ ሰው ቢቆምበት መጣላት ነው።

ኤሌክትሪሽያን ከሳሪስ

ብቻሽን አታድርጊው እህቴ። በ1995ቱ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ግቢውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማህበሩ ነው፣ ስለዚህ በስብሰባ አስወስኑት፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የሰራሁበት አንድ ብሎክ እንዲህ ነው ያደረገው፣ መኪና ያላቸው ሰዎች ተዋጥተው ለማቆሚያው ብቻ የሚሆን ቆጣሪ አስገቡ፣ ግድግዳው ላይ ከዝናብ የሚሸፈን ሳጥን ተሰራ፣ ውስጡ ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ቆጣሪና ብሬከር አለ፣ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፣ ወር ላይ ሁሉም ያነበበውን ይከፍላል። ቻርጅ የሚደረግባቸውን ሁለት ቦታዎች ቀለም ቀብተው ለዩ፣ የጨረሰ ያነሳል። ማጉረምረም ነበር፣ መኪና የሌላቸው ሰዎች በኛ ሂሳብ ሊሆን ነው ብለው ፈርተው ነበር፣ ቆጣሪው ለብቻ መሆኑን ሲያዩ ተውት።

ቆጣሪው እስኪፈቀድ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ማመልከቻውን መኪናው ሳይገዛ አስገቡ። እስከዛ ቪትዙን ይዛችሁ ቆዩ። ለስብሰባው የሚሆን የእቃ ዝርዝርና የመስመሩን ንድፍ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ በነጻ ነው የምሰራልሽ።