አዲሷ ከተማችን በማን ትተዳደር? ክርክር

ጥያቄውን ያነሳው፦ ጤና ይስጥልኝ የአገሬ ልጆች። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው መንደራችን ከተማ ልትባል ነው። ደስ ይላል። ግን ማን ያስተዳድራት? በወረዳው ሥር እንደ ቀበሌ ትቆይ የሚል አለ። ማዘጋጃ ቤት ይበቃታል የሚልም አለ። እኔ ግን ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ሙሉ የከተማ አስተዳደር ይሁንላት ባይ ነኝ። እስቲ እንነጋገር።

ሻይ ቤት ያላት፦ እኔ ስሙ ግድ የለኝም። ባለፈው ክረምት ደጄ ላይ ያለው የቦኖ ቧንቧ ፈነዳ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሃው ጭቃ ላይ ሲፈስ እኛ በጀሪካን ከምንጭ እንቀዳ ነበር። ቀበሌ ብሄድ «ለወረዳ አመልክቺ» አሉኝ። ወረዳ ብሄድ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ሦስቴ ተመላለስኩ። በመጨረሻ የሰፈር ልጆች በከመነዳሪ ጎማና በሽቦ አሰሩት። በገበያ ቀን መደብ ዘርግቶ የሚቀመጠው ሁሉ እኮ ይከፍላል። ያ ብር እዚሁ ቢቀር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ አይቀጥርም?

ደብረ ብርሃን የሚሠራ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ግን ሒሳቡን እናስላ። የማዘጋጃ ቤት ሥራ በዋናነት የሚሠራው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው፤ በቦታ ኪራይ፣ በሊዝ፣ በገበያ ክፍያ። ከንቲባ፣ ምክትል፣ ጽሕፈት ቤት፣ መኪና ብለን ከጀመርን የሰበሰብነው በደመወዝ ያልቃል። የከተማ ፕላን አዋጁ 574/2000 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን ቦታ ነው፤ ወይም 2,000 ሰውና ከዚያ በላይ የሚኖርበትንና ከሠራተኛው ግማሹ ከእርሻ ውጪ የሚተዳደርበትን። ይኼን ማሟላት አይከብደንም። በማዘጋጃ ቤት እንጀምር፣ ገቢው ሲያድግ ከንቲባው ይመጣል።

የገበሬ ልጅ፦ የእኛን ነገር ማንም አላነሳም። የአባቴ የገብስ ማሳ ከአስፋልቱ 200 ሜትር አይርቅም። ከተማዋ ስትሰፋ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው። ባለፈው ቀያሾች ችካል ሲመቱ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ላይ ቆሟል። «የኔ ማሳ ውስጥ ነው ውጪ?» አላቸው። የመለሰለት የለም። ማታ እራት አልበላም። ካሳ በሕግ አለ፣ አዋጅ 1161/2011ን አንብቤዋለሁ። ካሳው ግን መሬቱ እንዲሄድ ከተወሰነ በኋላ ያለ ነገር ነው። ችካሉ ከመመታቱ በፊት አባቴ የሚናገርበት ወንበር አለ ወይ? ምክር ቤቱን ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ከሞላው፣ ቀበሌም ሆነ ከንቲባ ለኛ አንድ ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ወንድሜ፣ እውነት ለመናገር ይኼን አላሰብኩትም ነበር። እኔ የማየው አስፋልቱን ብቻ ነው። አባትህን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ጡረታ የወጣ መምህር፦ ልጆቼ፣ እኔ የቀበሌን አጀማመር አይቻለሁ። በ1967 በአዋጅ 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ የነዋሪው ማኅበር ተብሎ ነው የተቋቋመው። ብዙ ሳይቆይ የበላይ ትእዛዝ ማውረጃ ሆነ። ስለዚህ ስሙ አያታልላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ያንን ነው መጠየቅ ያለብን። የኔ ሐሳብ፦ ማዘጋጃ ቤት ይሁን፣ ነገር ግን የተመረጠ ምክር ቤት ይኑረው። መሬታቸው ወደ ከተማ የሚገባ ገበሬዎችም ወንበር ይኑራቸው። ሒሳቡ ደግሞ እንደ ዕድራችን ሰው ፊት ይቆጠር። የዕድራችን ዳኛ አንዲት ብር ሳትቀር ወጪና ገቢውን ያነባል፣ የተጠራጠረ ይጠይቃል። ማዘጋጃ ቤቱ በየሦስት ወሩ ይኼን ቢያደርግ ምን ይከብደዋል?

ደብረ ብርሃን የሚሠራ፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን የገበሬው ወንበር በቃል አይቅር። ማቋቋሚያው ላይ ይጻፍ፤ ኋላ ላይ ማስገባት ከባድ ነው።

ሻይ ቤት ያላት፦ የሴቶችም ይጻፍ። ውሃ የምንቀዳው እኛ ነን።

ጥያቄውን ያነሳው፦ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ከንቲባው ይቆየን። ማመልከቻውን አብረን እንጻፈው። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ዕድሩ ቤት እንገናኝ?

የገበሬ ልጅ፦ አባቴን ይዤው እመጣለሁ። ከስብሰባው በፊት ግን ማሳው ድረስ ኑና ችካሉን እዩት።