የሱፐርኮንዳክተር ቱቦ መሃሉ ላይ መስክ ያሾልካል፤ ስንጥቅ ነው ወይስ ሌላ?

ሰላም ለሁላችሁ። የውጭ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚመክት የሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኮረንቲን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ ቁስ) ቱቦ እየሞከርኩ ነው። ቱቦው ከይትሪየም-ባሪየም-መዳብ ኦክሳይድ ሴራሚክ የተሠራ ነው፤ የውስጥ ዲያሜትሩ 20፣ ርዝመቱ 80፣ የግድግዳው ውፍረት 5 ሚሊሜትር፣ ሁለቱም ጫፎች ክፍት። መስኩን የሚፈጥረው ጥቅል ሽቦ ጠፍቶ ቱቦው ቴርሞስ ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን (77 ኬልቪን) ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በቱቦው ዘንግ አቅጣጫ መግነጢሳዊ መስክ ቀስ እያለ ይጨመራል።

በክፍት ጫፍ የሚገባው መስክ አንድ ራዲየስ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር 46 እጥፍ ያህል ስለሚቀንስ መሃሉ ላይ ምንም መነበብ የለበትም። የውጭው መስክ እስከ 2 ሚሊቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) እስኪደርስ እውነትም የለም። ከዚያ በላይ ግን የመሃሉ ንባብ መውጣት ይጀምርና የውጭው 5 ሚሊቴስላ ሲሆን 0.3 ሚሊቴስላ ይደርሳል። ሽቦው ሲጠፋም 0.2 ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የምድር መስክ ነው እንዳልል እሱ 0.07 እንኳ አይሞላም። መሃሉ ላይ መስኩን የሚለካው የሆል ሴንሰር ዜሮ በቅዝቃዜ ይዛባል፤ ግን ሴንሰሩ 180 ዲግሪ ሲዞር የንባቡ ምልክት (+/−) ስለሚገለበጥ መስኩ የእውነት ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። የግድግዳው ኮረንቲ የመሸከም አቅም በካሬ ሴንቲሜትር 100 አምፔር ቢሆን እስከ 6 ሚሊቴስላ መመከት ነበረበት። አቅሙ አንሶ ቢሆን ደግሞ ከ2 በኋላ የተጨመረው በሙሉ ይገባ ነበር እንጂ አንድ አሥረኛው ብቻ አይገባም። በርዝመቱ የሄደ ግማሽ ስንጥቅ ይሆን? ቱቦውን ሳይቆርጡ ቦታውን ማግኘት ይቻላል? ከቴርሞሱ ውጭ የሙ-ሜታል (መግነጢሳዊ መስክን ወደ ራሱ ስቦ የሚከልል የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ሽፋን ቢደረብ መስኩን ከ2 በታች አውርዶ ችግሩን ያልፈዋል ወይስ ይደብቀዋል?