ረቡዕ ብቻ ነው ያለን፤ ድንቅነሽን፣ ሥላሴንና ጊዮርጊስን ማዳረስ ይቻላል?

የደሴዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቡዕ ሙሉ ቀን አዲስ አበባ ነን፤ የምናድረው ፒያሳ ነው፣ ሐሙስ ንጋት ላይ እንመለሳለን። የ68 ዓመት እናቴ አብራኝ አለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት አይሆንላትም። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

የአምስት ኪሎ ልጅ፦ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። ጠዋት ከፒያሳ ስድስት ኪሎ ድረስ በታክሲ ሂዱ። ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ በኩል እስከ አራት ኪሎ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ እናትሽን አይከብዳቸውም። ብዙ ሰው ከአራት ኪሎ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣና ሙዚየሙ ደጃፍ ሲደርስ ደክሞት ቁጭ ይላል። ሻንጣችሁን ማደሪያችሁ ተዉት፤ በየበሩ ፍተሻ አለ። መታወቂያ ግን አትርሱ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ይጠየቃል።

ቅርስ ወዳድ፦ ስድስት ኪሎ ስትወርዱ መጀመሪያ የየካቲት 12ን ሐውልት ዙሪያውን ዞራችሁ የተቀረጸውን ምስል እዩት። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሐውልቱ የቆመው ከዚያ በኋላ ለተጨፈጨፈው ሕዝብ ነው። ሁለቱን አከታትላችሁ ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ሙዚየሙ በብሔር በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው የተደራጀው፤ ከልጅነት ይነሣና በሞት ይጨርሳል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍልም እንዳለ አለ። ደረጃ ስላለው ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ 1 ሰዓት ተኩል መድቡለት።

ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው። ድንቅነሽ ምድር ቤት ናት፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ እውነተኛው አጥንት ለጥበቃ ሲባል ተለይቶ ይቀመጣል። ይህን አስቀድመሽ ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ደርሰው ቅር እንዳይላቸው። የነገሥታቱን አልባሳትና ዙፋን ሳታዩ አትውጡ።

ዘመረ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 9 ሰዓት ገደማ ያልቃል። በ7 ሰዓት ሥላሴ ብትደርሱ ለማስቀደስ ካልሆነ በቀር ውስጡን ዞሮ መጎብኘት አይሆንም። ስለዚህ ሙዚየሞቹን ከምሳ በፊት ጨርሱ፣ አራት ኪሎ በያይነቱ ብሉ፣ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ ሥላሴ ውረዱ። የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ውስጥ ነው፤ የንጉሡ አፅም እዚያ ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው። ነጠላ ያዙ፣ ጫማም በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ቀኑንም አጣሩ፤ በየወሩ 7 ሥላሴ፣ 23 ደግሞ ጊዮርጊስ ስለሆነ ሰዉ ይበዛል። ለጸሎት ከሆነ ደስ ይላል፣ ለጉብኝት ግን አይመችም።

የደሴዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ከሥላሴ ወደ ጊዮርጊስ በእግር ይሄዳል? አንድነት ፓርክንስ ብንጨምር?

የአምስት ኪሎ ልጅ፦ በእግር አትሞክሩት። ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል፤ ነገር ግን መንገዱ ራስ መኰንን ድልድይ ድረስ ይወርድና ከዚያ ፒያሳ ዳገት ነው፣ በተለይ ለታመመ ጉልበት። ከአራት ኪሎ ታክሲ ያዙ። በፓርላማውና በቤተ መንግሥቱ በኩል ስታልፉ ፎቶ አታንሡ። አንድነት ፓርክ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ቅርስ ወዳድ፦ ጊዮርጊስ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳው ላይ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ታገኛላችሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ስትወጡ የምኒልክ ሐውልትና በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ እዚያው አጠገብ ናቸው። መታሰቢያው ሰፊ ነው፤ ውስጡን ለመዞር ሰዓት ካልበቃችሁ ከውጭ እዩትና ወደ ማደሪያችሁ ግቡ።

ዘመረ፦ ክረምት ከሆነ ጃንጥላ ያዙ፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት፣ ልክ እናንተ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን በምትዞሩበት ሰዓት ነው።