ቤት ብንቀይር የእናቴ የዲያሊሲስ ምልልስ ይነካ ይሆን? (ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ)

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ትሄዳለች። እስከ ዛሬ በአብዛኛው የማመላልሳት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን የሥራ ሰዓቴ ስለተለወጠ ሜትሮአክሰስ በተባለው የአካል ጉዳተኞች አመላላሽ አገልግሎት ላስመዘግባት ወስኛለሁ። በዚሁ ላይ የቤት ኪራይ ስለከበደን ወደ ሰሜን ሞንጎመሪ ካውንቲ ወጣ ብለን ለመኖር እያሰብን ነው። ቅዳሜና እሑድን ደግሞ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በሚኖረው ወንድሜ ዘንድ ታሳልፋለች። ባለፈው ክረምት አንድ የግል አመላላሽ ድርጅት ከእጥበት በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ በር ላይ አስጠብቋታል። በዚያ ሰዓት መቆም እንኳ የማትችል ሰው ስለሆነች፣ ያ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ቤት መቀየራችን በአገልግሎቱ ላይ ለውጥ ያመጣል? ወደ ቨርጂኒያ ስትሻገርስ ሌላ ምዝገባ ያስፈልጋታል?

ምላሽ፦ በትራንስፖርት ዕቅድ ሥራ ላይ ያለሁ

እህቴ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የኪራይ ውል ከመፈረምሽ በፊት የአውቶቡስ መስመሩን ካርታ እንድትመለከቺ አጥብቄ እመክርሻለሁ። በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይህን ልዩ አገልግሎት ያቆመው ራሱን ችሎ ሳይሆን ከመደበኛው አውቶቡስና ባቡር ጋር አያይዞ ነው። ሕጉ የሚያስገድደው ከመስመሩ ግራና ቀኝ በሦስት አራተኛ ማይል፣ ማለትም በ1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ላለ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ መነሻውም መድረሻውም በዚያ ክልል ውስጥ መውደቅ አለባቸው። አገልግሎቱ የሚሰጠውም መደበኛው አውቶቡስ በሚሠራባቸው ቀናትና ሰዓታት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ሰፈር አውቶቡሱ እሑድ የማይሠራ ከሆነ ወይም የመጀመሪያው የሚነሳው ከእጥበቱ ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ መኪና የመላክ ሕጋዊ ግዴታ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ጠዋት ሠራተኛን ወደ ከተማ አምጥቶ ማታ የሚመልሰው የረጅም መንገድ አውቶቡስና ማርክ የተባለው የሠራተኞች ባቡር ይህን ግዴታ አያስከትሉም። ቤቱ ለጣቢያ ቅርብ ስለሆነ ብቻ እናትሽ አገልግሎት ታገኛለች ማለት አይደለም።

መሻገሩን በተመለከተ፣ ሜትሮአክሰስን የሚያስተዳድረውን የሜትሮ ባለሥልጣን ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በስምምነት በ1967 ያቋቋሙት በመሆኑ አንድ ምዝገባ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህም ወዲያም ይሠራል። እንደ አርሊንግተኑ ስታር ያሉት የየአካባቢው አገልግሎቶች ግን ለራሳቸው ነዋሪዎች የተቋቋሙ ናቸው።

ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱን የማግኘት መብት አላት። ዋጋው ከመደበኛው ታሪፍ እጥፍ ሊበልጥ አይችልም፤ ረዳት የሚያስፈልጋት ከሆነ ረዳቷ አይከፍልም።

ምላሽ፦ በዲያሊሲስ ማዕከል የምሠራ ነርስ

እኔ የምጨምረው ለምዝገባው ስለሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው፤ ስንት እናቶችና አባቶች እዚያ ሲጎዱ አይቻለሁና። ብቁነት የሚመዘነው በዕድሜ ወይም በበሽታው ስም ሳይሆን በመደበኛው አውቶቡስ ብቻን መሄድ በመቻልና ባለመቻል ነው። የእኛ ወላጆች ግን «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ጠያቂው ደግሞ ያንኑ ይጽፋል። ስለዚህ እናትዎ ከእጥበት ሲወጡ ያለባቸውን ድካም፣ ስንት እርምጃ ተራምደው እንደሚቀመጡ፣ በደረጃ ላይ ምን እንደሚሆኑ በግልጽ እንዲናገሩ አስቀድመው ያስረዷቸው። ሲሄዱ የሚችሉ፣ ሲመለሱ የማይችሉ ሕሙማን ለመልሱ ጉዞ ብቻ ሊፈቀድላቸው ይችላል።

እናትዎ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ካላቸው ወደ ሕክምና ለሚደረግ ጉዞ ሌላ መንገድም አለ፤ በሜሪላንድ የሚያስተዳድሩት የየካውንቲው ጤና ቢሮዎች ናቸው። እያንዳንዱ የዲያሊሲስ ማዕከል ማኅበራዊ ሠራተኛ እንዲኖረው የፌዴራል ደንብ ስለሚያዝ፣ ሁለቱን አገልግሎቶች እንዲያቀናጁልዎትና ቋሚ ቀጠሮ እንዲያስይዙልዎት እሳቸውን ይጠይቁ። የመልሱን ሰዓት ሲያስይዙ መርፌው ከወጣበት ቦታ ደም መፍሰሱ እስኪቆም የሚወስደውን ጊዜ አይርሱ።

ምላሽ፦ ከአሌክሳንድሪያ

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ከ2005 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ትራንስፖርት የሚሰጠውን ገንዘብ በአካባቢው ከሚዘጋጅ የተቀናጀ ዕቅድ ጋር አስሮታል፤ በዚህ አካባቢ የሚያዘጋጀው የብሔራዊ ርዕሰ ከተማ ክልል የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ ነው። ዕቅዱም ተገልጋዮቹ ራሳቸው ተሳትፈውበት መዘጋጀት አለበት። እህታችን የጻፈችው የሁለት ሰዓት ጥበቃ እዚያ መሰማት ያለበት ጉዳይ ነው። አማርኛችን በዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በስብሰባዎቹ ላይ ወገኖቻችንን የማየው እጅግ ጥቂት ሲሆኑ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ካርታውን አይቼ፣ ያሰብነው ቤት አጠገብ የሚያልፈው የሠራተኛ አውቶቡስ ብቻ መሆኑን አረጋገጥኩ። ያንን ቤት ትተነዋል። አሁን የምንፈልገው እሑድም የሚሠራ መደበኛ አውቶቡስ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። ለቃለ መጠይቁ ደግሞ ከእጥበት በኋላ ያለውን ሁኔታዋን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ እየጻፍኩ እይዛለሁ።