ሩቅ የምታይ ጀልባ በአማርኛ ምን ትባል?

ጠያቂዋ፦
ከዓመታት በፊት ግማሽ ላይ አልገፋልኝ ብሎ የጣልኩትን ልብ ወለድ ሰሞኑን አንሥቼ ሙጥጥ አድርጌ ጨረስኩት። የኡርሱላ ለጉዊን የመጀመሪያው የኧርዝሲ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው። ዓለሙ በሙሉ ደሴት ነው። ጌድ የሚባል ወጣት አስማተኛ በትንሽ ጀልባ ከደሴት ደሴት ይዞራል። ነፋሱ እንቢ ሲለው በአስማት ጠርቶ ሸራው ውስጥ ያስገባዋል። ያኔ «ዘንዶው መቼ ነው የሚመጣው?» እያልኩ የባሕሩን ገጽ እዘል ነበር። አሁን ዘንዶው ቢቀርስ አሰኘኝ። ገመዱ፣ ሸራው፣ ጨው ያቆረፈደው እጅ፣ እሱ ነው የጣመኝ።

ወደ ጥያቄዬ። ጌድ ጀልባዋን ያገኘው ዓይኑን ሞራ ከጋረደው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሞራውን ገፈፈለት፣ በልዋጩ ጀልባዋን ወሰደ። ሽማግሌው ታዲያ አንድ ነገር ለመነው፦ ስሟን ለውጠህ ሩቅ የምታይ በላት፣ ከፊቷም ግራና ቀኝ ዓይን ሣልባት። ምስጋናው በዚያ በዕውሩ እንጨት በኩል እያየ ጌድን ከዐለት እንዲጠብቅለት ነው። እዚህ ጋ ሆዴ ባባ። እና በአማርኛ ማን እንበላት? «አርቆ አስተዋይ» አልተዋጠልኝም።

መላሽ፦
እህቴ፣ አይዋጥም። አርቆ ማስተዋል የልብ ሥራ ነው፤ ዓይኑ የጠፋ ሰውም አርቆ ያስተውላል። የዓይኑን ከፈለግሽ «አሻግሮ ማየት» አለልሽ። መሻገር ውስጡ ስላለ ለውኃ ይሄዳል፤ ከወንዝ ማዶ ያለውን ሰው አሻግረሽ ነው የምታዪው። ችግሩ፣ «አሻግሬ» ካልናት ማኅበር የምንጠጣው ጎረቤታችን መሰለች። እኔ ብሆን «አማትሪ» እላታለሁ። ማማተር ዝም ብሎ ማየት አይደለም። የሚጠብቁትን ነገር ለማግኘት ዓይንን ወዲያ ወዲህ መላክ ነው። ልጇ የቆየባት እናት በር ላይ ቆማ ታማትራለች። ደግሞም እንደ ትእዛዝም እንደ ልመናም ይሰማል፤ ሽማግሌው የፈለገውም ይህንኑ ይመስለኛል።

ሌላ አባል፦
ልጆቼ፣ «አማትሪ» ደግ ስም ነው። ግን ሸራው የሚሰቀልበትን ረጅም እንጨት ምን ብላችሁ ልትጠሩት ነው? «ምሰሶ» እንዳትሉኝ፣ ምሰሶ ለቤት ነው። «ደቀል» ይባላል፣ ከግዕዝ የመጣ ነው። ምሳሌ 23 ላይ ሰካራሙ ደቀል ላይ የተኛ ሰው ይመስላል ይላል፤ ላያችሁ ላይ ሲወዛወዝ አይታያችሁም? ሐዋርያት ሥራ 27ንም አንብቡት። የጳውሎስ መርከብ በማዕበል ስትናጥ መልሕቁም፣ ሸራውም፣ መቅዘፊያውም እዚያው ተራ በተራ ይመጣላችኋል። የጣና ታንኳ ደንገል ታስሮ ይሠራል፣ የሚሄደውም ተቀዝፎ ነው፤ ደቀል የለውም። ቃሉ ከአፋችን የራቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ፦
አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «አማትሪ» እና «ደቀል» ማስታወሻዬ ላይ ገብተዋል። ሁለተኛውን መጽሐፍ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። እሱ ግን አብዛኛው ታሪኩ ከመሬት በታች፣ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ነው። የባሕር ቃል ያላችሁ ለሦስተኛው አቆዩልኝ፤ ጌድ በአማትሪ ረጅሙን የባሕር ጉዞ የሚሄደው እዚያ ነው።